ቤዝ ጊታር ልንገዛ ዳባት የሄድን ዕለት

ይህ ነገር የደረሰው በ2002 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ፣ የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ያኔ ደባርቅ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ሁሉ በሳቅ ነው የሚያውቀው። እኔም ለዓመታት እያሳቅኩበት አውርቼዋለሁ። አሁን ግን ሲነሳ ፊቴን የማስገባበት ይጠፋኛል፤ የጻፍኩላችሁም ለዚሁ ነው።

ደባርቅ ላይ አራት ሆነን ባንድ አቋቁመን ነበር። የምንጫወተው ሮክ ነው። የከተማው ሰው ሮክ የሚለውን ስም ስላልለመደው «የነመምህር ጩኸት» ይለን ነበር። ወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ይፈቅድልናል፤ ድራምና አንድ አሮጌ አምፕሊፋየርም ነበረው። እኔ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ። የነበረኝ ቤዝ ግን ሠርግ ቤት ከሚጫወት ሰው የገዛሁት፣ አንገቱ የጎበጠ ነገር ነው። ለስላሳ ዘፈን ላይ ጉዱ አይታወቅም። ሮክ ላይ ግን ክሩን በኃይል ስትመታው አንገቱ ላይ ካሉት ብረቶች ጋር እየተጋጨ ይንጫጫል። ድራመራችን አሸናፊ «ቤዝ ነው ወይስ ንፋስ የነቀለው ቆርቆሮ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ለገና ዝግጅት እንድናቀርብ ሲፈቀድልን፣ ያንን ይዤ ሰው ፊት ላለመቆም ቆረጥኩ።

የመምህር ደመወዝ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ጎንደር አንድ ሱቅ ውስጥ አዲስ የቻይና ቤዝ አይቼ ነበር። ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ እንጨቱ ግን ቀሊል፣ ድምፁም ሆድ የሌለው ነው። አዲስ አበባ ደኅና ደኅና ያገለገለ ይገኛል ይባላል፤ ሳላየውና ሳልሞክረው በሰው ማስመጣቱን ፈራሁ። አምስት ክር ያለው ግዛ የሚሉኝም ነበሩ። ለኔ ጣት አራቱም በዝተውበታል! የምፈልገው አንገቱ ቀጥ ያለ፣ በኃይል ሲመታ የማይንጫጫ፣ ድምፁ ከድራሙ ሥር ገብቶ ደረት የሚነካ ቤዝ ነበር። እንዲህ ያለው ደግሞ በኔ አቅም አይገኝም።

በዚህ መሀል አሸናፊ ወሬ ይዞ መጣ። ጎንደር አብሮት ይጫወት የነበረ ዳዊት የሚባል የዳባት ልጅ አለ። ዳዊት ጁባ ሄዶ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ይሠራል። እዚያ ሌላ ቤዝ ስለገዛ የድሮው ዳባት እናቱ ቤት ተቀምጧል። የጃፓን ሥሪት ነው፤ አሮጌ ቢሆንም ጠንካራ ነው። ዋጋውም ከጎንደሩ አዲስ ያንሳል። ዳዊት ለአሸናፊ ደውሎ «ከወደዳችሁት ውሰዱት፤ ገንዘቡን ለእማዬ ስጡልኝ። ስልኳ እምቢ ብሎኛልና እናንተው ንገሩልኝ» ብሎታል።

አሸናፊ ዓርብ ማታ ደጋግሞ ሞከረ። የእናቲቱ ስልክ አይሠራም።

«ስንደርስ እንነግራቸዋለን፤ ምን ችግር አለው» አልኩት እኔ።

ቅዳሜ የመጀመሪያውን የጎንደር አውቶብስ ያዝን። ሐሳባችን ዳባት ወርደን ቤዙን ማየት፣ ካልሆነም በሚቀጥለው መኪና ጎንደር ወርደን የቻይናውን ገዝተን በዕለቱ መመለስ ነው። ለዚህ ነው ማለዳ የወጣነው። እናቲቱ፣ እትዬ ጥሩወርቅ፣ እኔንም አሸናፊንም አያውቁንም። ቀጣፊ እንዳንመስላቸው ብለን ጋሽ ፈንቴን ለመንናቸው። ጋሽ ፈንቴ ጡረታ ወጥተው ደባርቅ የሚኖሩ የዳባት ተወላጅ ናቸው፤ ከሴትዮዋ ጋር አብረው ነው ያደጉት። ብርዱ አጥንት ስለሚሰብር ሦስታችንም ጋቢያችንን እስከ አፍንጫችን ተከናንበናል።

ዳባት ስንወርድ ገና ጎሕ መቅደዱ ነበር። መንገድ ላይ ከኪዳን የሚመለሱ ቄስ አገኘንና መስቀል ተሳለምን። መምሬ ታከለ ይባላሉ። ለካ የእትዬ ጥሩወርቅ የነፍስ አባት ናቸው።

«በዚህ ማለዳ ወዴት ነው?» አሉ።

«እዚህ ጥሩወርቅ ቤት ብቅ ልንል ነው፣ አባ» አሏቸው ጋሽ ፈንቴ።

«እንግዲያስ መንገዳችን አንድ ነው፤ እኔም ሳልጠይቃት ሰነበትኩ» ብለው ከፊት ቀደሙ።

እስቲ አስቡት። ጎሕ ሲቀድ፣ ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች፣ ቄስ ከፊት፣ ሽማግሌ ቀጥሎ። በአገራችን መርዶ የሚነገረው እንዴት እንደሆነ የማያውቅ አንድም ሰው መሀላችን አልነበረም። ጋሽ ፈንቴማ ስንቱን ቤት ሄደው አርድተዋል። ግን ማናችንም ልብ አላልንም። እኔ በበኩሌ እያሰብኩ የነበረው ስለ ቤዙ አንገት ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ መጥረጊያ እንደያዙ በሩን ከፈቱ። መጀመሪያ መምሬን አዩ፣ ቀጥሎ ጋሽ ፈንቴን፣ ከዚያ የማያውቁንን እኛን። መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ።

«ምነው? በደኅና ነው?»

ጋሽ ፈንቴ ተቻኩለው አያውቁም። «እንደምን አደርሽ ጥሩዬ፤ ከርመሻል? እስቲ ወደ ቤት እንግባና አንቺም አረፍ በይ» አሉ።

«አላርፍም! ምንድን ነው እሱ? የማን ነገር ነው?»

እኔ መኪና ያመልጠናል ብዬ ስቁነጠነጥ ነበር። ነገሩን ላሳጥር ብዬ፣ «እትዬ፣ በልጅዎ በዳዊት ጉዳይ ነው የመጣነው» አልኩ።

ዛሬም ድረስ ያንን ቃል ከአፌ መልሼ ብውጠው እላለሁ።

«ወየው ልጄን! ወየው ዓለሜን!» ብለው መሬት ላይ ተፈጠፈጡ። እኛ ምን እንደተናገርን ሳይገባን፣ በሁለት እጃቸው ጉንጫቸውን ነጭተው ደም በደም ሆኑ። እውነተኛ መርዶ ሲነገር እኮ ጠንካራ ሴቶች አስቀድመው ከግራና ከቀኝ ይቆማሉ፤ ፊቷን እንዳትነጭ፣ ራሷን እንዳትጥል ይይዟታል። እኛ ያንን እንኳ ሳናሰናዳ ነው የገባነው።

ጎረቤቱ በአንድ አፍታ ግቢውን ሞላው። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ እያለቀሰ የማይመጣ የለም። «ደኅና ነው! ዳዊት ደኅና ነው!» ብዬ ጮህኩ። አንዲት ጎረቤት እንባዋን እየጠረገች «መቼስ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚሉት» አለች። መምሬ ታከለ ግራ ተጋብተው ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አሉና «ልጄ፣ እውነት አርፏል እንዴ?» አሉኝ። አንድ ሰውዬ የእድሩን ጥሩምባ ሊያስነፋ ሲወጣ ጋሽ ፈንቴ በዚያ ዕድሜያቸው ሮጠው ያዙት። «ጊታር ነው! ጊታር ልንገዛ ነው የመጣን!» ይላሉ። ማን ይስማቸው?

እዚህ ላይ ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። እትዬ ጥሩወርቅን ከወደቁበት ላነሳ ጎንበስ ስል ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። ቤዙ ተሰቅሏል። ሴትዮዋ ክንዴ ላይ እያለቀሱ፣ እኔ አንገቱ ቀጥ ያለ መሆኑን አየሁ። ደስም አለኝ። ለቅጽበት ነው፤ ግን ደስ አለኝ።

የቀረን መድኃኒት የልጁን ድምፅ ማሰማት ብቻ ነበር። እኔና አሸናፊ ግቢው ውስጥ ኔትወርክ ስላጣን ከቤቱ በላይ ወዳለው ጉብታ ወጣን። ጁባ ጠራ፤ የሚያነሳ ግን የለም። ደግመን ደወልን። አሁንም የለም። ዳዊት ሌሊቱን ሙሉ ሆቴል ሲጫወት የሚያድር ሰው ነው፤ ጠዋት ሬሳ ነው። ይህን ልቤ ያውቃል። ሆኖም ከታች ሙሾው ሲሰማኝ፣ ጥሪው ሳይነሳ እየተቋረጠ ሲሄድ፣ ውስጤ መጥፎ ነገር ይለኝ ጀመር። ያለምንም ምክንያት መርዶ ይዘን ገባን፤ አሁን እውነት ሆኖ ቢገኝስ? አሸናፊም ያሰበው ይህንኑ ይመስለኛል። የጎንደር መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ማናችንም ቀና ብለን አላየነውም።

ፀሐይ ጠንከር ካለች በኋላ አንድ የጎረነነ ድምፅ «ሄሎ» አለ። አሸናፊ ሰላምታም አልሰጠው። «አንተ፣ እንዳትዘጋ! እናትህን አናግር!» እያለ ቁልቁል ሮጠ። ግቢው ስንደርስ መስመሩ ተቋረጠ። ሴቶቹ ይህን ሲያዩ ልቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። እትዬ ጥሩወርቅን በሁለት በኩል ደግፈን ወደ ጉብታው ይዘናቸው ወጣን። ለቀስተኛውም ተከተለን።

ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግነው።

«ማነህ አንተ?» አሉ።

ምን እንዳላቸው አልሰማንም። ከዚያ «ምነው ድምፅህ ጎረነነ?» አሉት። ቀጥለውም፣ «ተኝቼ ነው? እስከዚህ ሰዓት! አንተ ሰነፍ፣ ሰው በቁምህ እያለቀሰልህ አንተ ትተኛለህ?» ብለው ጮኹበት።

ጉብታው በሳቅ ተናወጠ። ያለቀሰ ሁሉ ሳቀ፤ መምሬ ታከለም መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ስልኩን ይዘው እዚያው ቁጭ ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

ወደ ቤት እንደተመለስን እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። «ተው ልጄ! አንተ ባትመጣ ድምፁን መቼ እሰማ ነበር? ስንት ጊዜዬ ድምፁን ከሰማሁ!» አሉኝ። ራሳቸው ቤዙን ከግድግዳው አውርደው ሰጡኝ። «በል ምታው፤ እኔም ልየው። የዳዊት እጅ ከሄደ ወዲህ ጮኾም አያውቅ።»

ሊያለቅስ የመጣ ሰው በሙሉ ከቦኝ ተቀመጠ። ቤዝ ያለ አምፕሊፋየር ድምፁ አይወጣም፤ እንጨቱን አገጬ ላይ አስጠግቼ ክሩን በኃይል መታሁት። ንዝረቱ ጥርሴ ድረስ ገባ። ቅንጣት አይንጫጫም። ደግሜ መታሁት። ስፈልገው የኖርኩት ይህንን ነው። ቀና ስል የእትዬ ጥሩወርቅ ጉንጭ ላይ ደሙ ደርቋል።

ዳዊት ያለውን ከፍዬ፣ ምሳ ካልበላችሁ ተብለን በልተን፣ ተመርቀን ወጣን።

ገና ላይ ተጫወትን። ቤዙን ያልሰማ የለም፤ አሸናፊም ስለ ቆርቆሮ ማውራቱን ተወ። ወሬው ግን ከዳባት ደባርቅ ቀድሞን ደርሶ ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ ስማችን «መርዶ ባንድ» ሆኖ ቀረ። ታሪኩን ከማንም አብልጠው የሚያወሩት ደግሞ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ደባርቅ ገበያ መጥተው ሲያገኙኝ «ይኸው አርጂዬ መጣ!» ብለው አቅፈው ይስሙኛል። ጉንጫቸው ላይ የጥፍሩ ምልክት ቀርቷል። እሳቸው ሲስቁ እኔም እስቃለሁ። ይቅር የተባልኩ መስሎኝ ነበር፤ ተብያለሁም።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ይኖር የነበረ አንድ ታናሽ ወንድማቸው በድንገት አረፈ። እትዬ ጥሩወርቅ አሳድገው የዳሩት፣ ከልጃቸው ለይተው የማያዩት ወንድም ነው። ዳባት ያሉ ሽማግሌዎች እንደ ሥርዓቱ በማለዳ ተሰባስበው ሄዱ። መምሬ ታከለም፣ ከደባርቅ የተጠሩት ጋሽ ፈንቴም ነበሩበት። በዚህኛው ጊዜ ሴቶችም አስከትለዋል። የሆነውን የነገሩኝ ጋሽ ፈንቴ ናቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ በሩን ከፍተው ያንን ሁሉ ጋቢ ሲያዩ ሳቁ።

«ዛሬ ደግሞ ምኔን ልትገዙ ነው? ጊታሩ እንደሆነ ተሸጧል!» አሉ።

እሳቸው አሁንም እየሳቁ «ግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው» ብለው በርጩማ ሊያመጡ ዘወር አሉ። ሴቶቹ ያኔ ነው ከኋላቸው ሄደው እጃቸውን የያዟቸው።

ልቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጬ ቀና ማለት አቃተኝ። ስሰናበት እጄን ያዙኝና ቀስ ብለው፣ «እናንተ ናችሁ ብዬ እኮ ነው የሳቅኩት፣ ልጄ» አሉኝ። አልወቀሱኝም። እንዲያውም እኔን ሲያጽናኑኝ ነው።

ሰው ሁሉ «ምን አጠፋህ? አጋጣሚ ነው» ይለኛል። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ቤዙ ዛሬም ከኔ ጋር ነው፤ አንገቱም እንደ ድሮው ቀጥ እንዳለ ነው። የተሻለ ገዝተህ ይህንን ሽጠው የሚሉኝ አሉ፤ ሊያየው የመጣ ገዢ በማለዳ በር ሲያንኳኳ ሳስብ እተወዋለሁ። እትዬ ጥሩወርቅን ግን ገበያ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ። እሳቸው ከሩቅ አይተውኝ ሲጠሩኝ እመለሳለሁ፤ አቅፈው ይስሙኛል፤ «አርጂዬ» የሚለውን ግን ትተውታል።