የኪዳን ቀኝ እጅ

ባሌ ኪዳን ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር ሊነዳ ሲሠለጥን፣ ቤሪያ ሰፈር ያለው የስደት ቤታችን ሁለመናው ዋሻ ሆነ። ቁርሱን ይዞ ይፈዛል። እዚያ ውስጥ መብራቶቹ ወደ ሰው እየዋኙ እንደሚመጡ፣ ከላይ ከተማ መኖሩ እንደሚረሳ ይነግረኛል። እኔ ደግሞ ሻዩ ቀዘቀዘ እለዋለሁ።

ከሁሉ የሚወደው የጥንቱን ብልሃት ነው። ድሮ የምድር ውስጥ ባቡር ሲጀመር፣ ነጂው ቢታመም ወይ ቢያንቀላፋ ሰው እንዳያልቅ ብለው፣ እጁ ከመንጃው ሲነሳ ባቡሩ ራሱን የሚያቆምበት መላ አበጁ። ቀይ መብራት ቢጥስም ከሐዲዱ ዳር የቆመ ብረት ፍሬኑን ይይዝበታል። የኪዳን ባቡርም ያን ሁሉ ኮምፒውተር ተሸክሞ የእጁን ነገር አልተወም። ሰው ቢተኛ እሱ አይተኛም ይለኛል፣ ስለ ጠባቂ መልአክ የሚያወራ ይመስል።

ታዲያ ያ መልአክ ጉድ ሠራው። የፈተናው ዕለት ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ፣ የኔ ጌታ ቀኝ እጁን አንስቶ አማተበ! ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ፣ ጨለማ ሲገባ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያማትባል፤ እጁ እሱን አስፈቅዶ አያውቅም። ባቡሩ ተሳፋሪ እንደያዘ ቀጥ አለ። ፈታኙ አንድ ዕድል ብቻ ሰጠው፤ ከደገመው ሥልጠናው አበቃ፣ ወደ ድሮ ሥራው፣ ወደ ታክሲ መንዳቱ ይመለሳል።

ተናደድኩ። በልብህ አማትብ፣ እግዚአብሔር እጅ አይቆጥርም አልኩት።

"እሱስ አይቆጥርም። እኔ ነኝ ባዶዬን መግባት የምፈራው" አለኝ። አንጀቴን በላው።

በሁለተኛው ፈተና ጀፕስታውን ያለውን ሱቄን ለጎረቤቴ ለራውዳ ትቼ፣ ሳልነግረው ፊተኛው ፉርጎ ላይ ተሳፈርኩ። ብርሃኑ ከመስኮቱ ቀስ እያለ ሲጠፋ፣ ከሱ የሚለየኝን በር እያየሁ በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ የፈራሁ መስሏት በዙሉ አንድ ነገር ብላ ፈገግ አለችልኝ። ባቡሩ አልቆመም። መብራቶቹ እንዳለውም እየዋኙ መጡ፤ የት እንዳለሁ እስክረሳ ፈዘዝኩ።

ከሰዓት በኋላ አለፍኩ ብሎ ገባ። ደስታው ግን ጎዶሎ ነበር። ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ያየዋል።

"ሳላማትብ ገባሁ" አለ።

"አማትበሃል። ከበሩ ኋላ ነበርኩ" አልኩት።

ቀኝ እጄን ይዞ እንደ መስቀል ተሳለመው። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ቀዘቀዘ ግን አላልኩትም።