ወንዝ ዳር የቀረው በሬ

ልጅ ሳለሁ አፌ አልፈታ ብሎ ቤተሰቡን ሁሉ አስጨንቄ ነበር። እኩዮቼ ከደጅ ደጅ ሲሯሯጡ፣ ሲዘፍኑና ሲሰዳደቡ እኔ እንደ ጉልቻ ተጎልቼ አያቸዋለሁ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው የጎረቤት ልጅ ዝም ሲል ነው፤ የራስ ልጅ ሲሆን እንቅልፍ ይነሳል። ያኔ ከጋፋት ማዶ ባለችው መንደራችን እናቴ ያልሞከረችው ነገር አልነበረም፤ ጸበል አስጠመቀችኝ፣ ስለት ተሳለች፣ ወንዛዬ ድረስ አዝላ ወስዳም ፍል ውሃው ውስጥ ነከረችኝ። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ አንደበቴን የፈቱት አያ አላምረው ናቸው፤ እሳቸውም የፈቱት በጭቃ ነው።

አያ አላምረው የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሲያርሱ ኖረው፣ በሬ ረግጧቸው ማንከስ ሲጀምሩ ሞፈር ቀንበሩን ለአባቴ ትተው የምድጃ ዳር ሰው ሆኑ። ቁጡ ናቸው። ጠላው ቀጠነ፣ ጭሱ በዛ፣ ልጁ ተንጫጫ እያሉ ሲያጉረመርሙ ይውላሉ፤ ከብቱ ገብቶ፣ ኩራዙ ምሰሶው ላይ ሲንጠለጠል ግን ሌላ ሰው ይሆኑ ነበር። ያኔ የመንደሩ ልጆች ሁሉ ቀን ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጥተን የሠራነውን በሬ በእጃችን ይዘን እሳቸው ዘንድ እንሰበሰባለን። በሬ ያልያዘ ልጅ ተረት አይሰማም፤ ሕጋቸው ነው።

ተረታቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ሁልጊዜም ሌላ። አንድ ገበሬ በሬዎቹን ነድቶ ከእብናት ገበያ ወደ አገሩ ይመለሳል። አንድ ማታ ጅብ ያጋጥመዋል፣ አንድ ማታ የሚያሳድረው ሰው ያጣል፣ ሌላ ማታ ደግሞ ሣሩ አልበቃ ብሎት በሬዎቹ ይዋጋሉ፤ ያኔ «በሉ አካፍሏቸው» ተብለን ገለባ እየቆጠርን፣ ለአንዱ ሲበዛ እየቀነስን፣ ተጣልተን እየታረቅን፣ የፍሙ ሙቀት ፊታችንን እየገረፈው ሣር ስናካፍል እናመሻለን። መጨረሻው ግን ወንዝ ነው። አያ አላምረው ውሃ የሞላ ገበቴ ከፊታቸው ያስቀምጡና በሬዎቻችንን በጠርዙ ላይ ደርድረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወንዙ ሞላ» ይላሉ። ይሄኔ እያንዳንዱ ልጅ በሬውን በስሙ ጠርቶ ማሻገር አለበት። «ቦራ! ና!» «ዳልቻ! ና!» የተጠራው ይሻገራል። ያልተጠራውን በጣታቸው ገፋ ያደርጉታል፤ ጥሬ ጭቃ ነውና እያየነው ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል።

የኔ በሬ ስንቴ እንደሟሟ አትጠይቁኝ። ታላቅ ወንድሜ አንጀቱን በልቼው «እኔ ልጥራላት፣ አያ» ቢል፣ «ዝም በል አንተ! በሬ የሚሰማው የጌታውን ድምፅ ነው» ብለው አፉን አስያዙት። እናቴ ከጓዳ ሆና «ኧረ አንቱ፣ ምነው ልጅቷን ባያስለቅሷት!» ትላለች። እሳቸው ወደ ጓዳው ዞርም አይሉ። ብቻ ይጠብቃሉ። አፌን አፌን ያያሉ፣ ፍሙን ጫር ጫር ያደርጋሉ፣ ደግሞ ይጠብቃሉ። ሌላው ሰው ሁሉ ወይ ያዝንልኝ ወይ ይናገርልኝ ነበር እንጂ፣ እንደዚያ አድርጎ የጠበቀኝ ማንም አልነበረም። በሬዬ ሲሟሟ እያለቀስኩ እተኛለሁ፤ ሲነጋ ሌላ እሠራለሁ።

አንድ ማታ ታዲያ ቀንዱን በእሾህ ያበጀሁለት፣ እስከዚያ ከሠራኋቸው ሁሉ ያማረው በሬዬ ገበቴው ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ የአያ አላምረው ጣት ከጀርባው ሲጠጋ፣ ከየት እንደወጣ የማላውቀው ድምፅ «ቡሬ! ና!» ብሎ ጮኸ። የኔ ድምፅ ነበር። እናቴ ቤቱን በእልልታ አቀለጠችው። አያ አላምረው ግን ምንም እንዳልተደረገ ሁሉ በሬዬን አሻግረው ተረታቸውን ቀጠሉ፤ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉም የረገሙት ጭሱን ነው።

ዛሬ እኔ ራሴ የሕፃናት አስተማሪ ነኝ፤ እዚያው አገሬ፣ ዜሮ ክፍል በሚሉት ውስጥ። ሕፃን በጨዋታ እንደሚማር በሥልጠና ሲነግሩን ደስታዬን የምችልበት አጣሁ፤ ከሥልጠናው መልስ ገበቴውን በሳፋ ተክቼ፣ ጭቃውን አምጥቼ፣ የገበሬውን ተረት ከእብናት ገበያ አስነሳሁት። ልጆቹ ወደዱት። ከነሱ መሃል ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከበሩ ስትገባ ነው ያወቅኋት፣ ያየሁት ራሴን ነበርና። አንዲት ቃል ከአፏ አትወጣም። ቀይ አፈር መርጣ፣ ሻኛው ትልቅ የሆነ በሬ ትሠራለች፤ «ወንዙ ሞላ» ስል አትጠራውም፤ እጠብቃታለሁ፤ ሲሟሟ ከንፈሯን ነክሳ ሌላ ትሠራለች። ሌሎቹ ልጆች «ቲቸር፣ እኔ ልጥራላት» ሲሉኝ እንደ አያ አላምረው እቆጣለሁ። አንድ ዓርብ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣትም፤ ስሙን ግን በአፏ ውስጥ ስታመላልሰው አየሁ። በሬውን አልገፋሁትም። «ሰኞ ይሻገራል» ብዬ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩላት።

ሰኞ የመጣው አባቷ ነው።

ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ዱላውን ተደግፎ ሳፋውን አየ፣ ጭቃውን አየ፣ እኔን አየ። «መምህርት፣ እኔ በጭቃ ኖሬ በጭቃ የምሞት ሰው ነኝ። ልጄን የላክኋት ከጭቃ እንድትወጣ ነው፤ ጭቃማ እቤቷስ መቼ ጠፋ» አለኝ። ከተማ እህቱ ዘንድ ሆና ኬጂ ልትገባ ነው። አፏን ልትፈታ ትንሽ እንደቀራት ነገርኩት፣ ለመንኩት፣ የራሴን ታሪክ ሳይቀር አወራሁለት። በጭቃ በሬ አፍ ይፈታል ቢሉት ማን ያምናል? «ፊደል ስትቆጥር ትናገራለች» ብሎ ወጣ። ሌሎቹም ወላጆች ሲያጉረመርሙ ከርመው ነበርና፣ ርእሰ መምህራችን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብሎ ተርቶብኝ ሳፋው ከክፍል እንዲወጣ አዘዘ። አሁን ልጆቼ ከሰሌዳ ሲገለብጡ ይውላሉ። ያለ አንድ ሳቅ። እኔም ጠመኔ ይዤ ፊታቸው እቆማለሁ፤ ምን አደርጋለሁ?

በቅርቡ ለስብሰባ ደብረ ታቦር ገብቼ ትርንጎን ሊጠይቃት ከመጣው አባቷ ጋር መንገድ ላይ አገኘኋት። ዩኒፎርም ለብሳለች፤ ያዘለችው ቦርሳ ወገቧን አጉብጦታል። አባቷ ደስ ብሎት ደብተሯን አውጥቶ አሳየኝ፤ ገጹ ሙሉ ኤ፣ ኤ፣ ኤ ተደርድሮበታል፤ አንዷም ከመስመር አልወጣችም። «እዪልኝ እንግዲህ!» አለ። «መናገሩስ?» አልኩት። አንገቱን አዞረ። «ይደርሳል» አለ ቀስ ብሎ፤ እሱም ማመኑ እንደቸገረው ከድምፁ ገባኝ። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ «ትርንጎ፣ ወንዙ ሞላ» አልኳት። ከንፈሯ እንደዚያ ዓርብ ተንቀሳቀሰ። ጠበቅሁ። ወዲያው ግን የትምህርት ቤቱ ደወል ጮኸና አባቷ «ነይ፣ ረፈደብሽ» ብሎ እጇን ይዟት ሄደ። እየተጎተተች ዞራ አየችኝ።

አያ አላምረው ከሞቱ ቆይተዋል። የጅቡንም የገበያውንም ተረት አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ምሽት የቀረልኝ የሚጠብቁኝ ዓይኖቻቸው ናቸው። መጠበቅን ከሳቸው ተምሬ ነበር፤ አሁን ምን ያደርግልኛል፣ የምጠብቃትን ልጅ ወስደውብኝ። የትርንጎ በሬ እስካሁን መስኮቱ ላይ አለ፤ ደርቆ ሻኛው ተሰነጣጥቋል። ልጆቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ ክፍሉን ጠርጌ ስጨርስ፣ አንዳንዴ ፊቱ ቆሜ ልጠራው ይቃጣኛል። ግን ስሙን አላውቀውም። ያወጣችለት እሷ ናት፤ ለማንም አልነገረችም።