ግሌኒስ ፔኖንግን ያለፈች ዕለት

«ጥቅልሉን! ጥቅልሉን ወርውሪልኝ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል!»

ለግሌኒስ ወረወርኩላት። ወፍራሙን ቀይ ሽቦ ከነጥቅልሉ በፒክአፑ መስኮት ቀለበችው። የመፍቻ ሳጥኑን ከኋላ ጭኜ እጄን ሳላነሳ መኪናው ተንቀሳቀሰ። እየሮጥኩ የግቢውን በር ከፈትኩላት። በአጠገቤ ስታልፍ ቀስ አለችና አንገቷን አወጣች።

«ስልኩ ጋ ቁጭ በይ። ሽንት ቤት ብትሄጂ እንኳን ይዘሽው ሂጂ። የደወለ ሁሉ መልስ ያገኛል። ደግሞ ምን እንደሠራሽ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ጻፊው። ሳታሳምሪ።»

ከዛ ወደ ምዕራብ ታጠፈች። ወደ ምዕራብ! ይህን እዚህ ከተማችን ሴዱና ውስጥ ብናገር የሚያምነኝ የለም።

ይኸው እየጻፍኩ ነው። አስረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ጽሑፌን ይቅር በሉኝ። የሠራሁትን ልጽፍ ተቀምጬ ስለ ግሌኒስ ሳልናገር መጀመር አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ያበላሸሁት መኪና ላይ የለጠፍኩት የሷን ስም ነው።

ግሌኒስ ሃበርፊልድ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት፣ እኛ ከተማ ከሷ ሌላ የለም። ካራቫን የሚባለውን ተጎታች ቤት እየጎተቱ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጡ ጡረተኞች ሁሉ በሷ በር ያልፋሉ። ከእኛ በኋላ ሜዳ ነው፣ ዛፍ የለም፣ ስልክ አይሠራም፣ ማደያው በመቶ በሁለት መቶ ኪሎ ሜትር አንድ ነው። እሷ የስንቱን መኪና ሽቦ ዘርግታ በዛ ሜዳ እንዳሻገረች አይታወቅም። ራሷ ግን ከፔኖንግ አልፋ አታውቅም ነበር። ፔኖንግ ከእኛ በስተ ምዕራብ ሰባ ኪሎ ሜትር ነው።

«ለምን አትሄጂም?» ብዬ አንዴ ጠይቄያት ነበር።

«ምን አለ እዛ?»

«ሜዳ።»

«ሜዳ እዚህም አለ። ደግሞ እኔ ከሄድኩ ስልኩን ማን ያነሳል?»

የስልኩ ነገር እንዲህ ነው። አባቷ ኦቶ የትራክተር ጠጋኝ ነበር፣ ሙያውን ከሱ ቀመሰች። በአስራ ሰባት ዓመቷ ከተማው ውስጥ ወደነበረ ትልቅ ጋራዥ ሄዳ ሥራ ስትጠይቅ ባለቤቱ ሳቀና «ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ ስልክ አንሺ» አላት። ሁለት ዓመት ስልክ አነሳች። ገበሬው «መብራቱ ይጠፋል ይበራል» ሲል ታዳምጣለች፣ ወንዶቹ ሠርተው ሲመለሱ ምን እንደነበር ትጠይቃለች፣ ማታ ትጽፋለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰው በስልክ ሲያማርር ሰምታ የቱ ሽቦ እንደላላ ትናገር ጀመር። ከዛ ወጥታ የራሷን ከፈተች። ያ ጋራዥ ዛሬ የዓሣ ማስገሪያ ዕቃ ይሸጥበታል። ቀን ጠብቃ ከዛ መንጠቆ ትገዛለች፣ ዓሣ ግን አታጠምድም፤ በዛ በር እንደ ደንበኛ መግባት ደስ ይላታል።

እኔ ታሊያ እባላለሁ፣ እሷ ግን «ፊውዝ» ነው የምትለኝ። በመጀመሪያው ሳምንቴ አስራ አንድ ፊውዝ ስላቃጠልኩ። ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ ነው፣ ስሙ አልለቀቀኝም።

እሺ፣ የሠራሁትን።

ትናንት ግሌኒስ አልነበረችም። የአዝመራ ወቅት ነው፣ ስትሪኪ ቤይ የሚባል ከተማ የእህል መኪና ሞቶ እዛ ዋለች። እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኔቪልና ሾና ትሬሎር የሚባሉ ባልና ሚስት ከካዲና መጡ። ሰባ አልፏቸዋል። ካራቫኑን ከሰው ነው የገዙት። ማረጋጊያ አለው፣ ማለት ካራቫኑ ከኋላ ጭራውን መወዝወዝ ሲጀምር ሹፌሩ ከማወቁ በፊት ራሱ ፍሬን የሚይዝ ሳጥን ነው። ያ ሳጥን ኃይል የሚያገኘው ከመኪናው ባትሪ ነው። ሲሠራ ከካራቫኑ ፊት ትንሽ አረንጓዴ መብራት ታበራለች። የነሱ አትበራም። መኪናው አዲስ ነው፣ ለማረጋጊያው ሽቦ አልተዘረጋለትም።

ግሌኒስ ይህን ሥራ የምትሠራው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ከባትሪው እስከ መኪናው ጭራ ለብቻው ወፍራም ሽቦ፣ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ። ከዛ ሁሉንም ነገር በአንዴ ታበራለች፣ ፍሪጁን፣ መብራቱን፣ እኔን ፍሬን ላይ ታስቆመኛለች፣ «አሁን ሁሉም አፍ ተከፍቷል» ትላለች፣ መብራቷን ታያለች። አረንጓዴ ከሆነች ብቻ ከባትሪው አጠገብ አረንጓዴ ናስትሮ ጠቅልላ ስሟንና ቀኑን ትጽፍበታለች። ያንን ናስትሮ በመንገዱ ሁሉ ያውቁታል። እስከ ፐርዝ ያለ ኤሌክትሪሺያን ኮፈኑን ከፍቶ ያን ናስትሮ ካየ መልሶ ይዘጋዋል። ግሌኒስ ነክታዋለች፣ ምን ይፈልጋል።

እኔ መኪናው ሥር ገባሁ። ሽቦውን ለማሳለፍ የሆድ መከላከያው መውረድ አለበት። ብሎኖቹ የባሕር ጨው በልቷቸው አንዱም አልንቀሳቀስ አለ። ኔቪል ከላይ ሰዓቱን ያያል። «ነገ ማታ ነፋስ ይመጣል ብለዋል፣ ከሱ በፊት የክልሉን ድንበር ማለፍ እፈልጋለሁ» ይላል። ሾና ደግሞ «ልጅቷን አታስጨንቃት ኔቪል፣ የጨነቀው ሰው ሽቦ ይስታል» አለችው። 

ለፍሪጁ የተዘረጋ ሽቦ ከኋላ ነበረ። እዛው ሶኬቱ ጋ ማረጋጊያውን ከሱ ጋር አጋጠምኩት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። መብራቷ በራች። አረንጓዴ! ኔቪል አጨበጨበ።

«እንግዲህ በሰዓት መቶ አስር ኪሎ ሜትር መንዳት እችላለሁ» አለ።

ሳቅኩ። ዝም ብዬ ሳቅኩ።

ሾና «ፍሪጁስ በመንገድ ላይ ይሠራል? ሥጋ ይዘናል» አለችኝ።

«ይሠራል» አልኳት።

ሁሉንም አፍ አልከፈትኩም። ብከፍት አይ ነበር። አንዲት ጡት ሁለት ጥጃ አታጠባም። ፍሪጁ ሲጠባ ሽቦው ይደክማል፣ ሳጥኑ ፍሬን ልያዝ ሲል ኃይል ያጣና ይተኛል። ቆሞ አረንጓዴ ነው፣ ሲፈልጉት የለም። በእግር የሚረገጠው ፍሬን አላቸው፣ እሱ አልተነካም። የሌላቸው ያመኑት ነው።

ናስትሮውን ጠቀለልኩ። በግሌኒስ ስም። ልዋሽ አልፈልግም፣ ኩራት ነበረኝ። ብቻዬን ጨረስኩ ብዬ።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግሌኒስ ሽቦ ልትቆርጥ ጥቅልሉን አነሳች። በቆረጠች ቁጥር ጥቅልሉ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ምልክቱን አየችው፣ ሽቦውን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ፊውዝ። ትናንት ለካዲናዎቹ የዘረጋሽው ከየት የመጣ ሽቦ ነው?»

መፍቻዎቹን መደርደር ጀመርኩ።

«ይህ ጥቅልል ከሰኞ ጀምሮ አንድ ክንድ አልጎደለም።»

«ከፍሪጁ ጋር አጋጥሜው ነው።»

«ሞከርሽው?»

«አረንጓዴ በርቷል።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

«አልሞከርኩትም።»

መነጽሯን አወለቀች። ትጮሃለች ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ቆምኩ። አልጮኸችም። «ስሜን ለጥፈሽበታል?» አለች ብቻ።

«አዎ።»

«እንግዲህ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለችና ስልኩን አነሳች።

ለነሱ የሚነገረው አንድ ነገር ነው፦ ፍሪጁን አጥፉ፣ ቀስ በሉ፣ ማደያ ስትደርሱ ቁሙ። በቃ። የኔቪል ስልክ ዝግ ነው፣ እዛ የሚሠራ የለም። ናንድሩ ማደያ ደወለች። ያደሩት እዛ ነው፣ አምስት ሰዓት ላይ የሥጋ ዳቦ በልተው ወጡ አሏት። ከሱ ቀጥሎ ወዳለው ናላርቦር ማደያ ደወለች።

«አሁን ወጡ!» አለች ሴትዮዋ። «ሩብ ሰዓት አይሆናቸውም። ሚስትየው ፖስት ካርድ ስትመርጥ ነበር የቆዩት።»

ከዛ በኋላ እስከ ድንበሩ ማደያ መቶ ሰማንያ አምስት ኪሎ ሜትር ምንም የለም። ግሌኒስ ድንበሩ ላይ ላሉት «ነጭ ካራቫን፣ ከኋላው ትሬሎር፣ የመነጋገሪያ ሬዲዮ ቻናል አስራ ስምንት ይላል፣ ሲደርሱ ያዙልኝ» አለች። ከዛ ቁልፏን ፈለገች።

«እንዴ፣ አንቺ ነሽ የምትሄጂው?» አልኳት።

«ናስትሮው ላይ የማን ስም ነው?»

«እኔም ልምጣ።»

«ስልኩን ማን ያነሳል ታዲያ?»

ከዛ ወዲያ ታሊያ አላለችኝም፣ ፊውዝም አላለችኝም። ያ ነው ያስፈራኝ።

አስር ሰዓት ተኩል ላይ ናላርቦር መልሼ ደወልኩ። ሴትዮዋ «ቆይ፣ ከዛ በኩል የመጣ አለ» ብላ ስልኩን ለአንድ ሹፌር ሰጠችው። ሮኖ ይባላል፣ ባለ ሦስት ተሳቢ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ የሱንም መብራት ግሌኒስ ነች የምትሠራው።

«ሮኖ፣ ነጭ ካራቫን አላየህም? ትሬሎር የሚል?»

«ተላልፈናል። ሽማግሌው እንደ ጎረምሳ ነው የሚነዳው። ምነው?»

«ፍሪጁን እንዲያጠፉ መንገር አለብን።»

«ፍሪጅ? ቢራው ሊሞቅ? ምን አደረጉሽ ሰዎቹ?»

«ሮኖ፣ እባክህ። ማረጋጊያቸው አይሠራም። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ሳቁን አቆመ። «ሬዲዮ ላይ ሰላም ብያቸው ነበር፣ አልመለሱም።»

አይመልሱም። ሾና ትናንት ነግራኛለች፣ «የሹፌሮቹን ስድብ መስማት ስላቃተኝ ሬዲዮውን ዘግቼዋለሁ» ብላ። ይህን ስነግረው ሮኖ «እኛ ነን የተሳደብነው እንዴ? መንገዱ ነው የሚያሳድበን» አለና ደግሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወደዛ የሚሄዱ የኛ ሹፌሮች አሉ፣ በሬዲዮ እነግራቸዋለሁ፣ መብራት እያበሩ ያስቁሟቸው። ግን ልጅት፣ ነፋሱ ቀድሟል። እኔን ከነጭነቴ ነው ያንገዳገደኝ።»

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ዘልዬ አነሳሁት።

«ግሌኒስ ነሽ?» የሴት ድምፅ።

«አይደለሁም፣ ታሊያ ነኝ።»

«ግሌኒስን ነበር የፈለግኩት።»

«እኔም።»

ከኪምባ ነው የምትደውለው፣ በተቃራኒው መንገድ። የካራቫኗ አረንጓዴ መብራት ጠፍቷል። መዝጋት ፈልጌ ነበር፣ መስመሩን ለትሬሎሮች ልተወው። የደወለ ሁሉ መልስ ያገኛል ብላለች። ኮፈኑን አስከፈትኳት። አረንጓዴ ናስትሮ አለ፣ ቀኑ መጋቢት፣ የግሌኒስ የራሷ እጅ። ፊውዙ ተቃጥሏል። ግሌኒስ መለዋወጫ ፊውዝ ከክዳኑ ሥር ትለጥፋለች፣ ነገርኳትና አገኘችው።

«አረንጓዴ ሆነ! እግዚአብሔር ይስጥሽ የኔ ልጅ፣ በቃ ልሂድ።»

«አትሂጂ» አልኳት። ጮኼ ነበር መሰለኝ። «ፍሪጁን አብሪ። መብራቱን ሁሉ አብሪ። ሰው አለ ካንቺ ጋር? ፍሬን ይርገጥ። አሁን እዪዋት።»

የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማኝ። «አረንጓዴ ናት» አለች። «ምነው፣ ታለቅሻለሽ እንዴ?»

«አይ፣ ጉንፋን ነው» አልኳት።

አንድ ሰዓት ላይ የናላርቦሯ ሴትዮ ደወለች። ግሌኒስ ነዳጅ ቀድታ አልፋለች። ቡና ልቅዳልሽ ስትላት «ስመለስ» ብላታለች። ከመውጣቷ በፊት ግን ሜዳውን ቆማ አየችው፣ እንዲህ ዞር ዞር ብላ፣ ከዛ «በርግጥም ሜዳ ነው» ብላ ገባች። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ትሬሎሮች አስራ አንድ ሰዓት ግድም ድንበሩ መድረስ ነበረባቸው። አሁን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ድንበር ሦስቴ ደወልኩ፣ አልደረሱም። ሰውየው «ሽማግሌዎች እኮ ናቸው፣ መንገዱ አጠገብ ባለው ገደል አፋፍ ላይ ቆመው ባሕሩን ሲያዩ ይመሽባቸዋል፣ እዛው ያድራሉ» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ስንቱ እንዲህ ያድራል። የሮኖ ጓደኞችም አስቁመዋቸው፣ ፍሪጁን አጥፍተው፣ ሾና ሥጋው ሊበላሽ ነው ብላ እየጠበሰችላቸው ሊሆን ይችላል። ይህን አስር ጊዜ ለራሴ ነገርኩት። ከዛ ነፋሱ እዚህ ደረሰ። የጋራዡን ቆርቆሮ እያንኳኳው ነው፣ በተንኳኳ ቁጥር እነሳለሁ፣ በሩን አያለሁ፣ እመለሳለሁ።

የሠራሁትን ጽፌያለሁ፣ ሳላሳምር። ትሬሎሮች የት እንዳሉ አላውቅም። ግሌኒስ ትድረስባቸው አትድረስባቸው አላውቅም። ስልኩ ይኸው ከእጄ አጠገብ ነው፣ ሲጮህ ምን እንደሚለኝ አላውቅም።