የጎረቤቶቼ ጤፍ

እስር ክፍሉ የተቀበለኝ በበረኪናና በእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ነው። ከላይ ባለችው ጠባብ መስኮት የእንጦጦ ባሕር ዛፎች ጫፍ ይታያል። ከዛፎቹ ግርጌ፣ የካ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤቴ ታሽጓል።

ጥፋቴ፣ ቤታችን አይፍረስ የሚሉ የሰፈር ሰዎችን እዚያ ማሰብሰቤ ነበር። «ሁከት የተደገሰበት ድርጅት ነው፤ ያስገኘው ገቢ የወንጀል ፍሬ ነው፤ ተሰልቶ ይወረሳል» ተባለ።

መርማሪው ስሌቱን ሊያሳየኝ አስጠራኝ። በዕድሜ ከልጄ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። ከመብራት ቆጣሪው ተነስቶ ስንት ኩንታል እንደተፈጨ ገምቷል፤ ያንን በጤፍ የገበያ ዋጋ አባዝቶታል። ድምሩን ሳይ ዓይኔን ተጠራጠርኩ።

«ጤፉ እኮ የሰው ነው» አልኩት። «ሰው እህሉን ያመጣል፣ እፈጭለታለሁ፣ ዱቄቱን ይዞ ይሄዳል። የኔ የማስፈጫው ሂሳብ ብቻ ነው። ከሱም የመብራትና የሠራተኛ ይወጣል።»

«የሰው ለመሆኑ ማስረጃ አለሽ?»

ወፍጮ ቤት ደረሰኝ የሚጠይቅ የለም። አንዷ የጆንያዋን አፍ በቀይ ጨርቅ ታስራለች፣ ሌላዋ በአሮጌ ነጠላ ጥለት። የማን መሆኑን የምንለየው በዚያ ነው። ይህን ስነግረው ሳቀ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ፣ አብራኝ የታሰረችው የመሪ ሰፈር ባለሱቅ ድምሩን ሰማች።

«ውይ እማማ! ፍራሽ የምጋራው ከሚሊየነር ጋር ነው እንዴ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

በማግስቱ መርማሪው ዘንድ «አንቺ» ቀርቶ «እማማ» ሆንኩ።

«እማማ፣ ገቢው ሁሉ የኔ ነው ብለው ይፈርሙና ዛሬውኑ ይውጡ» አለኝ መርማሪው። እስክሪብቶውን ከፍቶ ዘረጋልኝ።

ሲሚንቶው ላይ ያበጠውን ጉልበቴን አሰብኩ። አልጋዬንም አሰብኩ። ከዚያ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥሜ መለስኩለት።

«ወፍጮውን ውሰዱ። የጎረቤቶቼን ጤፍ ግን የኔ ነው አልልም። በእርጅናዬ ሌባ አታድርገኝ።»

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ፍርድ ቤቱም በኋላ ያንኑ ድምር ተቀበለ፤ የመብራቱን እንኳ ሳይቀንስ። ወፍጮው ተወሰደ፤ አልበቃ ብሎ ቤቴም ተሸጠ።

እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ከእስር ወጥቼ አሁን የምኖረው አያት ሰፈር፣ በልጄ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። እህል ሳስፈጭ እንደማንኛውም ሰው እሰለፋለሁ። ፈጪው ጆንያዬን ብድግ አድርጎ «ይቺስ የማን ናት?» ይላል።

አፏን በቀይ ጨርቅ አስሬያታለሁ።

«የኔ» እላለሁ።