ለሁሉም የሚካፈለው ቁጥር

አባቴ የሒሳብ መምህር ነበር። ቁጥርን የሚያየው እንደ ጎረቤት ነው፤ ያማዋል፣ ያመሰግነዋል። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው አምስት መቶ አሥር ሺህ አምስት መቶ አሥርን ነበር። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሰባት፤ እነዚህ ከአንድና ከራሳቸው በቀር ለማንም የማይካፈሉ ግትሮች ናቸው። ሁሉንም ስታባዛቸው ያ ቁጥር ይመጣል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው ያለ ቀሪ ይካፈላል። «ወሎዬ ነው» ይል ነበር አባቴ፤ «የመጣውን ሁሉ ያስተናግዳል፣ ማንንም ከደጅ አይመልስም።»

እኛ ቤት ምሳ የሚበላው ጥያቄ ከተመለሰ በኋላ ነው። እጁን እየታጠበ «ለአሥራ ሦስት ሲካፈል?» ይለናል። ወላሂ፣ ማካፈል የተማርኩት ሆዴ እየጮኸ ነው።

አሁን እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ እሱ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከታናሽ እህቴ ጋር ይኖራል። ያ ጭንቅላት መርሳት ጀመረ። ቁልፉን ረሳ፣ የመስጊዱን መንገድ ረሳ። ሐኪሙ «ቻሉት» አለን፣ ቻልነው። እኔን ሲረሳኝ ግን አልቻልኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ «ኖር፣ ኖር፣ ይግቡ» እያለ ይነሳልኛል። ለገዛ ልጁ! እህቴ «አብሽሪ፣ ምን ታደርጊዋለሽ፣ ተይው» ትለኛለች። ምኑን ልተወው? አንዴ ብቻ «ልጄ» ቢለኝ ሌላ ነገር አልፈልግም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ እንደደረስኩ ሰኞ ገበያ ከሚባለው ሰፈር ጎራ ብዬ ብርቱካን ገዛሁለት። እየላጥኩለት ሳለ እስቲ በቁጥሩ ልሞክረው ብዬ አሰብኩ።

«አባዬ፣ አምስት መቶ አሥር ሺህ አምስት መቶ አሥር ለአሥራ ሦስት ሲካፈል?»

«ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ሰባ» አለኝ፣ የጎረሰውን ሳይውጥ።

ያረቢ! አባቴ እዚያ ውስጥ አለ!

«አንድ ብንጨምርበትስ?» አልኩት።

ሳቀ። እንደዚያ ከሳቀ ስንት ጊዜው!

«እሱን እንኳ አያንሱብኝ! አንድ ሲጨመርበት ለሁሉም አንድ አንድ ይተርፋል፤ እንግዲህ ለማንም አይካፈልም ብዬ ስንት ዓመት አስተማርኩ። ትልቋ ልጄ፣ ገና ትንሽ ሳለች፣ ቁጭ ብላ ስታካፍል ስታካፍል ለአሥራ ዘጠኝ ልክ መጣላት! እኔ አሥራ ሰባት ላይ ቆሜ ነበር የተውኩት። ትከሻዬ ላይ አውጥቼ ሰፈሩን አዞርኳት። ልጄ አረመችኝ፣ ማሻአላህ በሉ እያልኩ።»

እኔ ነኝ እኮ። ከትከሻው ላይ ሆኜ የጎረቤቶቻችንን ቆርቆሮ ቁልቁል ማየቴ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ብርቱካኑን አስቀምጬ እጁን ያዝኩት።

«አባዬ፣ ልጅህ ታዲያ የት አለች?»

ሳቁ ጠፋ። እጁን ቀስ አድርጎ ከእጄ አወጣ።

«ኮምቦልቻ ናት ይላሉ። ቅርብ ነው፤ ግን ብቅ ብላ አታውቅም። እርስዎ ባዳ ሆነው ይጠይቁኛል፤ እሷ ግን ረሳችኝ።»