ደፏን የማታስረግጥ ሴት

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የኩታበር ሰው ሱቄ ገባና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ሴት ልጁ እዚህ መካነ ሰላም የክረምት ኮርስ ልትወስድ ነው። «ጋሼ፣ አገሩን ያውቁታል ብለውኝ ነው፤ እስቲ ይቺን ክፍል ይዩልኝ» ብሎ ፎቶ አሳየኝ። ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ መጋረጃ አለው፤ ግድግዳው ነጭ ነው። መነጽሬን አድርጌ ብዙ አየሁት።

«ግቢው ውስጥ ማን ይኖራል?» አልኩት።

«እሱን እንኳ አልጠየቅሁም።»

«እንግዲያው ያየኸው ቀለሙን ነዋ!»

ቅር ያለው መሰለኝና ሻይ አዘዝኩለት። እሱ ሻዩን ሲያማስል እኔ በሐሳቤ ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ፣ እህቴን ዘነበችን ከኋላዬ አስከትዬ፣ በዚሁ ከተማ ጭቃ ውስጥ ቤት ፍለጋ እዞር ነበር።

ዘመኑ አብዮቱ በፈነዳ ማግስት ነው። ረሃቡም ቢሆን ከእህሉ ላይ እንጂ ከሰው ፊት ላይ ገና አልተነሣም። ከኛ ቀዬ መካነ ሰላም በእግር የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው፤ በዚያ መንገድ ዳር ባዶ ጎጆዎች ነበሩ፣ ጣራቸው ላይ ገብስ የበቀለባቸው። ዝናቡ ሲፈለግ ጠፍቶ፣ ግማሹ ሰው ካለፈ በኋላ ምንም እንዳላጠፋ ሆኖ ተመልሶ ነበር።

እኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነጋዴ ነበርኩ። በሁለት አህያ ጨው፣ በርበሬ፣ ሳሙናና መርፌ ጭኜ ከገበያ ገበያ እዞራለሁ። ትምህርትን በተመለከተ ሦስተኛ ክፍልን በበሩ ገብቼ በመስኮቱ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዘነበች ግን ስምንተኛን ጨረሰች። በዚያ ክረምት ከኮሌጅ የመጡ መምህራን መካነ ሰላም ትምህርት ቤት ኮርስ ሊሰጡ ሆነ፤ ያለፈ ሰው አስተማሪ ይሆናል። የተመረጡት ስም ሲለጠፍ የሷም አለበት።

አባቴ ወረቀቱን ገለባብጦ አየው፤ ማንበብ አይችልም፣ ግን አየው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ደህና ቤት ካገኘህላት ትማር። ካላገኘህላት መልሰህ አምጣት፤ ለሚስትነት የጠየቃት የዚያ ልጅ ሽማግሌዎች ለመስከረም ቀጥረውኛል።» ክፉ ሆኖ አይደለም። ሁለት ልጅ በአንድ ዓመት የቀበረ ሰው፣ የቀረችውን አንዲት ሴት ልጁን ለማያውቀው ከተማ መስጠት ከብዶት ነው።

መጀመሪያ የወሰድኳት የአባቴ የአጎት ልጅ ወደሆነችው ወደ ተዋበች ቤት ነው። አባቴም ያሰበው እሷን ነበር። ተዋበች አገላብጣ ስማን «ቤትሽ ነው፣ የኔ ልጅ!» አለቻት። የሽምብራ ቆሎ ቀረበ፤ ከቆሎው ኋላ አረቄ መጣ። እኔ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ነው። ባል የሌላት ሴት ቤት ውስጥ አራት የወንድ ባርኔጣ ተሰቅሏል።

«የማን ናቸው?» አልኳት።

«የደንበኞች ናቸው፤ ረስተዋቸው ሄደው።»

ባርኔጣውን የረሳ ሰው ሊወስድ ይመለሳል፤ ይህን በሆዴ ይዤ አመስግኜ ወጣሁ። ዘነበች መንገድ ላይ «ደግ ሰው ናት እኮ» አለችኝ።

«ደግ ናት። ቤቷ ግን ገበያ ነው። ገበያ የወጣ ዕቃ ባይሸጥ እንኳ መነካካቱ አይቀርም።»

ቀጥሎ ያየሁት አንድ የበቅሎ ነጋዴ የሠራቸውን ተርታ ክፍሎች ነው። ቆርቆሮ ክዳን፣ ከውስጥ የሚሸጎር በር፣ ግቢው ውስጥ ሚስቱ። ዕቃ የሚመረጠው ሻጩ ዘወር ሲል ነውና ውሃ የምትቀዳላቸውን ሴት መንገድ ላይ አቁሜ «ጠዋት በሩን ማን ይከፍትልሻል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ሚስቲቱ ናት፤ ሌላ ሰው ከፍቶልኝ አያውቅም» አለች። ልቤ አረፈ። ዘነበችን አስገባኋትና ወደ ገበያዬ ሄድኩ። እንዴት ያለ ብልህ ወንድም ነኝ እያልኩ ከአህዮቼ ጋር ስጫወት ነው የሄድኩት።

አሥር ቀን ሳይሞላ ሬድዮኑ ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆኗል አለ። የበቅሎ ነጋዴው በአንድ ሳምንት ውስጥ ዘመድ በዘመድ ሆነ። ሰኞ የእህቱ ልጅ መጣ፤ ማክሰኞ የወንድሙ ልጅ መጣ፤ ረቡዕ የማን ልጅ እንደሆነ እሱም በቅጡ ያላጣራው ጎረምሳ ፍራሽ ተሸክሞ ገባ። ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ሥራ ፈቶች። ስመለስ እህቴ በሯን ሸጉራ፣ ሳጥኗን በሩ ላይ ደግፋ አገኘኋት።

«ተረዳኝ እንጂ እሸቱ» አለኝ ሰውየው። «ሰው ያልተኛበት ክፍል ይወረሳል።»

«እህቴስ ሰው አይደለችም?»

«እሷማ ተከራይ ናት! ተከራይ ማስቀመጥ ‹ይሄ ትርፍ ነው፣ ኑ ውሰዱት› ማለት አይደለም?»

ከተማውን አዳረስኩት። ትናንት «ክፍል አለን» ብለው የጠሩኝ ሰዎች ኪራይ የሚለውን ቃል ስናገር ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣሉ። አባቴ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ቤቱን ሊያይ ይመጣል፤ ቀኑ ሐሙስ ነው። ዘነበች ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደርሶ፣ ደብተሯን በነጠላዋ ሥር ሸጉጣ «ካልሆነ እንመለስ» አለችኝ። ትንሽ ሄደችና ደግሞ «ግን ነገ ፈተና አለብኝ። ከፈተናው በኋላ እንመለስ» አለች። ለማይጨርሱት ትምህርት መፈተን ምን ይባላል? እኔ ብሆን መጀመሪያ የምዘለው ፈተናውን ነበር። በዚያ ንግግሯ ነው የመመለሱ ነገር ከልቤ የወጣው።

ያኔ ቁልፏ ዘሃራ ትዝ አለችኝ።

እመት ዘሃራ ከገበያው ጀርባ የምትኖር ባሏ የሞተባት እስላም ሴት ናት። ሦስት ዓመት ጨው ሸጥኩላት፤ ቤቷ ውስጥ ግን ምን እንዳለ አላውቅም። ቁናዋን ከደፍ ላይ ሆና ታቀብለኛለች። በረዶ ቢወርድ እንኳ «ከዛፉ ሥር ተጠለል» ትላለች እንጂ ግባ አትልም። እኛ ነጋዴዎች ተናደን ነው ቁልፏ ያልናት። በዚያች ሐሙስ ግን ሦስት ዓመት ያስቀየመኝን ነገር እንደ ዕቃ ገልብጬ አየሁት፤ ለካ ስፈልገው የሰነበትኩት እሱን ነው!

«አሰላሙ አለይኩም፣ እመት ዘሃራ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ጨው አለኝ።»

«ጨው አይደለም፤ ለእህቴ ማደሪያ ፈልጌ ነው።»

«ቤት አላከራይም። ድሮም አላከራየሁ፤ ይኸው ዛሬ በአዋጅ ተከለከለ።»

የሆነውን ሁሉ አጫወትኳት። ዘነበችን ከራስ ጠጉሯ እስከ ጭቃማ እግሯ አየቻት።

«ምንድን ነው የምትማሪው?»

«አስተማሪ ልሆን ነው፣ እማ።»

«ሴት ልጅ?»

«አዎ።»

ዝናቡን አየች፤ ዘነበችን አየች። «ቤት አላከራይም» አለች ደግማ፤ «ልጅ ግን እወልዳለሁ። አባቷን አምጣው።»

በኛ አገር ሰው በሁለት መንገድ ይወለዳል። አንዱን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው የጡት ልጅነት ነው፤ ሽማግሌ በተቀመጠበት አሳዳጊዋ አውራ ጣቷን ማር ነክራ ታጠባለች፤ ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ናቸው። ማሩ የማንንም ሃይማኖት አይጠይቅም።

ሁለቱን ሌሊት ዘነበች እዚያው የበቅሎ ነጋዴው ክፍል በሯን ሸጉራ አደረች፤ እኔ ደጃፏ ላይ ተጋደምኩ። ቅዳሜ አባቴ ደረሰ። ከገበያው ተቀብዬ ስወስደው መንገዱን ሁሉ «የእስላም ቤት?» ሲለኝ ነበር። ደጃፏ ላይ ስንደርስ ሊገባ እግሩን አነሣ።

«አያ ይመር፣ እንኳን በደህና መጡ። እዚያው ይቁሙልኝ» አለችው።

አባቴ እግሩን መልሶ አወረደ። «እመት፣ ከሩቅ አገር ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ፤ ምግቡንም ውሃውንም እዚሁ አመጣልዎታለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ወንድ ደፌን ረግጦ አያውቅም።»

«እኔ እኮ አባቷ ነኝ!»

«እርስዎን ካስገባሁ ወንድሟን አስገባለሁ። ወንድሟን ካስገባሁ የወንድሟን ጓደኛ አስገባለሁ። እስቲ ይንገሩኝ፣ የቱ ላይ ላቁመው?»

አባቴ በትሩን ተደግፎ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ሳቀ። ከረሃቡ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። «እሸቱ» አለኝ፣ «እኔን ያላስገባች ማንን ታስገባለች?»

ቢሆንም ገበሬ ነውና በቶሎ እጁን አይሰጥም። «የሥጋውስ ነገር?» አለ።

«አብሽሩ፣ አይስጉ። እሷ እኔ ዘንድ እስካለች ሥጋ ቤቴ አይገባም። ሽሮ ሃይማኖት የለውም።»

በዚያ ክረምት እንኳን ሥጋ ሽሮውም በልመና ነበር። ሁለቱ በሌለ ሥጋ ላይ በክብር ተደራድረው በክብር ተስማሙ።

ሁለት ጎረቤት ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ አንዱ ሰላቱን ሰግዶ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ስሞ የመጣ። እመት ዘሃራ ከትንሽ ቅል ማር አወጣች፤ በዚያ ዘመን እንዴት እንዳተረፈችው አላህ ይወቅ። አውራ ጣቷን ነክራ ለዘነበች ሰጠቻት። ዘነበች እንባዋ ከማሩ ጋር እየተቀላቀለ ጠባች። «አላህ ያሳድግሽ፣ ልጄ ነሽ። በይ ግቢ» አለቻት። እህቴ ደፉን ተሻግራ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። እኔና አባቴ ደጅ ቀረን። ደጅ በመቅረቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ቤት መዝጋቢዎች መጥተው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። «ይቺ ማን ናት?» አሏት። «ልጄ ናት።» «ክርስቲያን አይደለችም እንዴ?» «እና፣ ክርስቲያን አይወለድም?» ብላ መለሰቻቸው። የበቅሎ ነጋዴው የወንድም ልጅም አንድ ቀን «ደብተር ልዋስ» ብሎ መጣ። እመት ዘሃራ «ያልገባህን ለኔ ንገረኝ፤ እኔ እሷን ጠይቄ እነግርሃለሁ» ብላ ደጅ አቆመችው። ፊደል የማትቆጥር ሴት ስለ ጂኦግራፊ መልእክት ስታመላልስ ዋለች። ልጁ ዳግመኛ አልመጣም፤ እሷ ግን ዓባይ የት እንደሚገባ በዚያው አወቀች።

ዘነበች ኮርሱን ጨርሳ አለፈች። የሙሽራው ሽማግሌዎች በመስከረም ሲመጡ አባቴ «ልጄ ሥራ ላይ ናት» ብሎ ጠላ አጠጥቶ ሸኛቸው፤ ቃሉን ከሚገባው በላይ ጮክ አድርጎ ነበር የተናገረው። ከዓመታት በኋላ እመት ዘሃራ ስታልፍ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ «አላህ ያጽናሽ» ብሎ አስቀድሞ ሐዘኑን የገለጸው ለዘነበች ነው። ሌላ ልጅ አልነበራትማ።

ዛሬ ዘነበች ጡረታ ወጥታ እዚሁ መካነ ሰላም ትኖራለች። አብረን መንገድ ስንወጣ አሥር እርምጃ መራመድ አንችልም፤ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ሁሉ እየቆመ «ቲቸር» እያለ እጅ ይነሣታል። ሃምሳ ዓመት ጨውና ዘይት የሸጥኩለት ሰው ወደኔ ዞሮ «እርስዎ ወንድሟ ነዎት?» ይለኛል። ድሮ ድሮ ነጋዴ በስሙ መታወቅ አለበት ብዬ ቅር ይለኝ ነበር። አሁን ግን ሰው ሲያስቆማት እኔም ጎኗ ቆሜ፣ እስኪጠይቁኝ ድረስ እጠብቃለሁ።