የጳጳሱ ኑዛዜ የጎደለበት ደብተር

እንደ ፈረንጆቹ በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ዲቪ ደርሶኝ ሲያትል በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አጠገቧ ባለችው ኦበርን ከተማ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን አሽግ ነበር። አብራኝ የምትሠራ ሴት አባቷ የዓይን ሞራ ጋርዷቸው መጻፍ እንዳቃታቸው ነገረችኝ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ እያልሽ ብትጽፊላቸው ምን ይመስልሻል?" አለችኝ። እሺ አልኩ።

የሚኖሩት እዚያው አቅራቢያ ኬንት ከተማ፣ ከእሷ ጋር ነበር። ጋሼ እላቸው ነበር። በወጣትነታቸው ጀርመን አገር ታሪክ ተምረው፣ አዲስ አበባ ብዙ ዓመት አስተምረዋል። አሁን በአማርኛ የሚጽፉት የአንድ የመካከለኛው ዘመን ጀርመናዊ ጳጳስ ሕይወት ነው። አንድ ቀን "ይሄንን ማን ያነበዋል ብለው ነው?" ብላቸው አልተቀየሙም። "አንዳንድ ሰው አይጠፋም" አሉኝ።

ጳጳሱ የአንድ መስፍን ሦስተኛ ልጅ ነው። ግንቡና መሬቱ ለታላቅ ወንድሙ ስለሚሆን፣ እሱን በሰባት ዓመቱ ለካቴድራሉ ሰጡት። ጺሙ በቅጡ ሳያቀመቅም አጎቱ ንጉሡን ለምኖ ጵጵስናውን አሰጠው። ጸሎት ከመምራት ይልቅ ከወንድሙ ጋር መዝመት ይወድ ነበር። በአንድ የረሃብ ዓመት ገበሬዎች ጎተራው ደጃፍ ቆመው ሲለምኑት፣ "እህሉን ለወንድሜ ጦር ቃል ገብቻለሁ" ብሎ በሩን አዘጋባቸው። ብዙ ሰው እዚያው አለቀ። ሲያረጅ ግን ካህናቱን ሰብስቦ፣ ባዶ እግሩን ቆሞ፣ ያን በር ያዘጋው እሱ መሆኑን ተናዘዘ። ጋሼ መጽሐፉን የጀመሩት ለዚህ ምዕራፍ ሲሉ ነበር።

እዚያ ምዕራፍ የደረስን ቅዳሜ፣ ሳምንቱን ሙሉ ኦቨርታይም ስሠራ ከርሜ ወገቤ ተቆርጦ ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። መጀመሪያ ጻፍኩ። ከዚያ እስኪርቢቶውን ዝም ብዬ ወረቀቱ ላይ አመላለስኩት፣ ድምፁን እንዲሰሙ። "እስቲ አንብቢልኝ" ሲሉኝ ትዝ ያለኝን በራሴ ቃል አነበነብኩላቸው።

"ጎሽ፣ ልጄ" አሉኝ።

ቤቴ ሄጄ እሞላዋለሁ አልኩ ለራሴ። አልሞላሁትም። የዚያን ቀን የጻፍኩባቸውንም የሞነጫጨርኩባቸውንም ገጾች ቀድጄ ጣልኳቸው።

ከሁለት ወር በኋላ ሲያትል ሆስፒታል ወስደው ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን አደረጓቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስደርስ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ደብተሩን ራሳቸው ያነባሉ። ክው አልኩ።

"ነይ፣ ቁጭ በይ። ኑዛዜው የታለ?"

"የቱ ኑዛዜ?"

"የጳጳሱ ነዋ። ነግሬሽ አልነበር?"

እውነቱን መናገር እችል ነበር፤ ተቆጪ ሰው አልነበሩም። ግን "አይ ጋሼ፣ እሱን እኮ ለሌላ ቀን ብለው አቆዩት" አልኩ።

ግንባራቸውን በመዳፋቸው አሹ። "ቃል በቃል ትዝ ይለኛል እኮ" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "ይሄ ጭንቅላት ከዳኝ ማለት ነው" ብለው ደብተሩን ዘጉት።

ከዚያ ወዲያ አንድም መስመር አላስጻፉኝም። ብቻቸውን መውጣት ፈሩ። መድኃኒታቸውን መዋጥ አለመዋጣቸውን ደጋግመው መጠየቅ ጀመሩ። ልጃቸው ሥራ ቦታ፣ ብሬክ ላይ፣ ዓይኗ ደም መስሎ፣ "አባባ መርሳት ጀምረዋል። ሶ፣ ዶክተሩ ጋ ኮል አድርጌ ቀጠሮ ይዣለሁ" አለችኝ።

"አይዞሽ" አልኳት። ከዋሸሁት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ "አይዞሽ" ነው።

ሦስት ሳምንት እንደዚያ ቆየሁ። የቀጠሯቸው ዋዜማ ኬንት ሄድኩና፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ "ጋሼ፣ ነግረውኝ ነበር። ያልጻፍኩት እኔ ነኝ። ደክሞኝ ነበር፤ ኋላም ዋሸሁ" አልኳቸው።

እጄን አፈፍ አደረጉት። "እውነትሽን ነው? ነግሬሽ ነበር?"

"አዎ።"

"ማርያምን በይ!"

"ማርያምን።"

ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ለቅሶ ዞረ። "ነይ ስሚ፣ ጭንቅላቴ ደህና ነው!" ብለው ልጃቸውን ጠሩ። እሷ ሁሉንም ከሰማች በኋላ አንድ ጊዜ አየችኝና ወደ ኩሽና ተመለሰች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራ ቦታ ምሳዋን ሌላ ጠረጴዛ ላይ ትበላ ጀመር።

እንደገና እንዲያስጽፉኝ ለመንኳቸው። ሞከሩ። ነገሩ እየተቆራረጠ መጥቶ ግማሽ ገጽ ሆነ። "ያኔ እንደመጣልኝ አልመጣ አለኝ" አሉ። ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ "ዋናው ነገር ግን አለበት፤ ተይው" ብለው አጽናኑኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ዐረፉ። ለቅሶ ቤት ስገባ በሩ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ልጃቸው አየችኝ፤ አጠገቧ ለተቀመጡት ሽማግሌዎች "የአባባን መጽሐፍ የጻፈችላቸው እሷ ናት" አለቻቸው። አንደኛው ብድግ ብለው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ሌላው "እግዚአብሔር ይስጥሽ" አሉኝ። ያቺን ግማሽ ገጽ እያሰብኩ የተለቀቀልኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።